የሞላ ገላ፣ የተደበቀ ረሃብ፦ ከውፍረት ቅነሳ ቀዶ ሕክምና በፊት ስለሚሰጥ ንጥረ ምግብ ታሪክ



በቋንቋችን ሰው ሲወፍር «ተመቸው» እንላለን፤ ሲከሳ ደግሞ «ምን ነካው?» ብለን እንጠይቃለን። ገላው የሞላ ጠግቧል፣ የከሳ ተርቧል የሚለው እምነት ከዕለት ንግግር አልፎ የሐኪሞችንም ዓይን ለረጅም ዘመን ጋርዶ ኖሯል። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ ዛሬ የማቀርብላችሁ ይህ እምነት እንዴት እንደ ተናጋ ነው። ጥያቄዬም አንድ ነው፤ ውፍረት ለመቀነስ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው አስቀድሞ ምን ሊሰጠው ይገባል? ለምንስ? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1881 ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቬርኒከ የሦስት ሕሙማንን ታሪክ አሳተመ። ሁለቱ መጠጥ የጎዳቸው ወንዶች ነበሩ። ሦስተኛዋ ግን ሰልፈሪክ አሲድ ጠጥታ ጨጓራዋ የተጎዳ፣ አዘውትራ ታስመልስ የነበረች ወጣት ልብስ ሰፊ ናት። ቬርኒከ የዓይን እንቅስቃሴ መታወክን፣ የአረማመድ መናጋትንና የአእምሮ መደናገርን መዘገበ፤ ሦስቱም ሞቱ። የበሽታውን ምንጭ ግን ሊደርስበት አልቻለም፤ የጎደለው ነገር በዚያን ጊዜ ስም እንኳ አልነበረውምና። ዛሬ ታያሚን ወይም ቫይታሚን ቢ1 የምንለው ይህ ንጥረ ነገር ተጣርቶ የወጣው በ1926 በጃቫ ደሴት ነው። ይህችን ልብስ ሰፊ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ እርሷ እንመለሳለን።

ከቀዶ ሕክምና በፊት ያለ የምግብ ሁኔታ ማገገምን እንደሚወስን በቁጥር ያሳየው ሂራም ስተድሊ የተባለ የክሊቭላንድ ቀዶ ሐኪም ነው። በ1936 ባሳተመው ጽሑፍ የጨጓራ ቁስል ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን መረመረ። አስቀድሞ ከክብደታቸው ከ20 በመቶ በላይ ካጡት መካከል ከሦስቱ አንዱ ሞተ፤ ያን ያህል ካላጡት ግን የሞቱት 3.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚህ በኋላ ከሲታን ሕመምተኛ ሳይመግቡ ወደ ቢላዋ ማቅረብ አደገኛ መሆኑ ታወቀ። ይሁን እንጂ ትምህርቱ በሚዛን ላይ የቆመ ነበር፤ ሚዛን ደግሞ የወፈረውን ሰው ረሃብ አያሳይም።

በ1960ዎቹ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ስታንሊ ደድሪክና ባልደረቦቹ ቡችሎችን በደም ሥር ብቻ መግበው ማሳደግ ቻሉ። ዘዴው ወደ ሰው ሲሻገር ታላቅ ተስፋ ተጣለበት፤ ከቀዶ ሕክምና በፊት ሁሉንም መመገብ ሁሉንም ይጠቅማል የሚል ግምትም ተስፋፋ። ግምቱን የፈተነው በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች በ395 የምግብ እጥረት ባለባቸው ሕሙማን ላይ ተካሂዶ በ1991 የታተመ ጥናት ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከ7 እስከ 15 ቀን በደም ሥር ከተመገቡት 14.1 በመቶው፣ ካልተመገቡት ግን 6.4 በመቶው ብቻ ብርቱ ኢንፌክሽን ያዛቸው። ጥቅም ያገኙት እጥረታቸው እጅግ የከፋው ነበሩ። ከዚህ ጥናት የምወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ማሟያ የሚጠቅመው በእርግጥ የጎደለ ሲኖር ነው።

ይህ በእንዲህ እንዳለ የውፍረት ቀዶ ሕክምና በራሱ መንገድ እያደገ ነበር። በ1950ዎቹ የተጀመረው የትንሹን አንጀት አብዛኛውን ክፍል ከምግብ መንገድ የማውጣት ዘዴ ክብደት ቢቀንስም ጉበትን ስለሚጎዳና ብርቱ የንጥረ ምግብ እጥረት ስለሚያስከትል ኋላ ተተወ። በ1966 በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ሜሰንና ቺካሺ ኢቶ ጋስትሪክ ባይፓስን ጀመሩ። በዚህ ዘዴ ምግብ አብዛኛውን ጨጓራና የትንሹን አንጀት መነሻ ሳይነካ ያልፋል። ብረት በብዛት ወደ ሰውነት የሚገባው በዚያው መነሻ በኩል ነው፤ ቫይታሚን ቢ12ም የጨጓራን እገዛ ይፈልጋል። ስለሆነም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዕድሜ ልክ ማሟያ መውሰድ ግድ ሆነ።

እጥረቱን ያመጣው ግን ቀዶ ሕክምናው ብቻ እንዳልሆነ የተገለጠው ቆይቶ ነው። ሐኪሞች ደምን አስቀድመው መመርመር ሲጀምሩ ከሕሙማኑ ብዙዎቹ ገና ቢላዋ ሳይነካቸው የቫይታሚን ዲ ወይም የብረት እጥረት እንዳለባቸው አገኙ። ቫይታሚን ዲ በስብ ውስጥ ተሰውሮ ስለሚቀር በደም ውስጥ ያንሳል። ውፍረት የሚያስከትለው የማያቋርጥ ብግነት ደግሞ ጉበት ሄፕሲዲን የተባለውን ሆርሞን አብዝቶ እንዲያመነጭ ያደርጋል፤ ይህም የብረትን መግቢያ ይዘጋል። ኃይል ሰጪ የሆነ ግን በንጥረ ነገር የደኸየ ምግብ ሲጨመርበት፣ ገላው እየሞላ ጎተራው ባዶ ይሆናል።

አሁን ወደ ልብስ ሰፊዋ እንመለስ። ሰውነት የሚያከማቸው ታያሚን ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚበቃ ነው። ከውፍረት ቀዶ ሕክምና በኋላ ደጋግሞ የሚያስመልስ ሰው፣ ያውም አስቀድሞ ክምችቱ የሳሳ ከሆነ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቬርኒከ በ1881 የገለጸው ሕመም ላይ ሊወድቅ ይችላል። ያች ሴት የሞተችበት ጉድለት ዛሬ በርካሽ መድኃኒት ሊታረም ይችላል፤ ሆኖም የወፈረ ሰው ሊራብ እንደሚችል ያላሰበ ሐኪም ምልክቱን አይቶ ያልፈዋል።

ተቃራኒ የሚመስል አንድ ነገር ልጨምር። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ምግብን መቀነስም ራሱ ዝግጅት ነው፤ በስብ ያበጠው ጉበት ሲቀንስ ቀዶ ሐኪሙ ጨጓራውን በቀላሉ ያገኘዋል። በ2011 በታተመ በ298 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ለ14 ቀናት እጅግ አነስተኛ ካሎሪ ያለው ምግብ ከወሰዱት መካከል በ30 ቀን ውስጥ 8 የጤና እክሎች ሲመዘገቡ፣ በሌላው ወገን 18 ተመዝግበዋል። ኃይል ሰጪው ይቀነሳል፣ ፕሮቲንና ቫይታሚን ግን ይጠበቃል። መቀነስና ማሟላት በአንድ ሕመምተኛ ላይ በአንድ ጊዜ ሊፈጸሙ መቻላቸው ጥጋብና ውፍረት አንድ አለመሆናቸውን ያስረዳል።

ወገኖቼ፣ ከዚህ ታሪክ የምረዳው ይህን ነው። ስተድሊ ከሲታውን መዘነ፤ የ1991ዱ ጥናት ያለ ልክ መመገብን ገታ፤ የደም ምርመራም በገላ የተሸፈነውን ጉድለት ገለጠ። ማሟያው ማገገምን የሚያግዘው ምርመራ ሲቀድመው ነው። ነገ በሕክምና ትምህርት ቤት በር የምትገቡ ተማሪዎች በፊታችሁ የሚቆመውን ወፍራም ሰው «ተመቸው» ብላችሁ አትለፉት፤ ምን እንደ ጎደለው ጠይቁ፣ መርምሩም።