ከመለኪያ ወደ ማድመጥ፦ የካርል ሮጀርስ መንገድ

በ1928 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ካርል ሮጀርስ የተባለ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት በሮቸስተር ከተማ፣ ሕፃናትን ከጭካኔ ለመከላከል በተቋቋመ ማኅበር የሥነ ልቦና ባለሙያ ሆኖ ተቀጠረ። ደመወዙ በዓመት 2,900 ዶላር ነበር። ሥራው ፍርድ ቤትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚልኳቸውን አስቸጋሪ ልጆች መርምሮ ምን ቢደረግላቸው እንደሚሻል አስተያየት መስጠት ነበር።

ሮጀርስ ወደዚህ ሙያ የመጣው በጠማማ መንገድ ነው። በ1902 በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ከአጥባቂ ፕሮቴስታንት ቤተሰብ ተወለደ፤ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የገባውም ግብርና ለማጥናት ነበር። ኋላ ሰባኪ ለመሆን ስላሰበ ወደ ታሪክ ትምህርት ተዛወረ፣ ቀጥሎም ኒውዮርክ በሚገኝ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ተማረ። ሆኖም አንድ የተወሰነ እምነት እንዲይዝ በሚያስገድድ ሙያ ውስጥ መኖር እንደማይችል ስለተረዳ፣ መንገዱን ተሻግሮ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ኮሌጅ ገባ።

በዚያ የተቀበለው ትምህርት በመለኪያና በስታትስቲክስ ላይ የቆመ ነበር። በ1931 ለዶክትሬት ያቀረበው ሥራም ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 13 የሆኑ ልጆች ከራሳቸው፣ ከቤተሰባቸውና ከእኩዮቻቸው ጋር ያላቸውን መጣጣም የሚለካ መጠይቅ ነው። ሦስት ምኞት ቢሰጥህ ምን ትመኛለህ? ሰው ወደሌለበት ደሴት ብትሄድ እነማንን ይዘህ ትሄዳለህ? ጥያቄዎቹ እንዲህ ያሉ ነበሩ።

በሮቸስተር ያጋጠመችው አንዲት እናት ግን በዚህ ዕውቀት ላይ ጥያቄ አስነሳችበት። ልጇ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ሮጀርስ ታሪኩን መርምሮ የችግሩ ሥር እናቲቱ ልጁን ገና ከጠዋቱ ገሸሽ ማድረጓ እንደሆነ ደመደመ፤ ይህንኑ እንድታይም በብዙ ቀጠሮ በለሰለሰ አነጋገር ሊያስረዳት ሞከረ። አልሆነም። በመጨረሻም ሁለቱም የተቻላቸውን ማድረጋቸውን፣ ውጤት ግን አለመገኘቱን ነግሯት ተሰነባበቱ። እናቲቱ በሩ ዘንድ ደርሳ ዞር አለችና እዚህ ለአዋቂዎችም ምክር ይሰጣል ወይ ስትል ጠየቀች። ተመልሳም ተቀመጠችና ስለ ትዳሯ መበላሸትና ስለ ተስፋ መቁረጧ አወጋችው። የነገረችው ሁሉ ቀደም ሲል ተስተካክሎ ከተጻፈው የቤተሰብ ታሪክ ፈጽሞ የተለየ ነበር። እርሱም አብዛኛውን ጊዜ አዳመጠ። ከጊዜ በኋላ ልጁም ተሻለው። የምርመራው ድምዳሜ ስሕተት ነበር ለማለት አይቻል ይሆናል፤ ለእናቲቱ ግን አልጠቀማትም።

ማኅበሩ ያካሂድ የነበረው ሥራ በ1939 ራሱን ወደቻለ የምክር ማዕከል ሲለወጥ ሌላ ፈተና መጣ። የከተማዋ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በሌሎች ከተሞች እንዲህ ያለውን ተቋም የሚመራው ሐኪም ነውና እዚህም እንዲሁ ይሁን አሉ። በሮጀርስ ሥራ ላይ ያቀረቡት ነቀፌታ አልነበረም፤ ሐኪም አለመሆኑ በቂ ነበር። ከረጅም ክርክር በኋላ የመጀመሪያው ዳይሬክተር እርሱ ሆነ። በቺካጎም ያለ ፈቃድ ሕክምና ይሰጣል የሚል ተመሳሳይ ክስ ተነሥቶበት ነበር። ሐኪሞቹ ለበሽተኛው ኃላፊነት የሚወስደው ማን ነው ብለው መጠየቃቸው ተገቢ ነው፤ ጥያቄው ከሥልጣን ጥያቄ ጋር መደባለቁ ግን አይካድም።

በ1940 ሮጀርስ ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በ1942 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የአንድ ሰው ስምንት የምክር ቀጠሮዎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቃል በቃል ሰፍረዋል። አንድ ሸክላ የሚይዘው የጥቂት ደቂቃ ንግግር በነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ድካም አልነበረም። መካሪ በዝግ ክፍል ውስጥ የሚናገረው ለሌላ ባለሙያ ዓይን የቀረበው ያን ጊዜ ነው። ሰውየውንም በሽተኛ ሳይሆን ባለጉዳይ ብሎ ጠራው።

በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ኬል የተባለ ተማሪው ወንጀል የሠሩ ወጣቶችን ኋላ ምን እንደሚሆኑ የሚተነብየው ምን እንደሆነ አጠና። ሮጀርስ የቤተሰብ ሁኔታ ይሆናል ብሎ ጠብቆ ነበር። ከሁሉም በልጦ የተገኘው ወጣቱ ስለ ራሱ ያለው ግንዛቤ ሲሆን፣ ተዛምዶው 0.84 ነበር። ሮጀርስ ውጤቱን ስላላመነ አስቀመጠው፤ ሔለን ማክኒል በሌሎች ወጣቶች ላይ ደግማው ተዛምዶው ወደ 0.41 ቢወርድም ቀዳሚው ያው ሆነ። ጥናቱ የታተመው በ1948 ነው።

ሮጀርስ መለኪያን አልተወም፤ ከመካር ቀድሞ ሰውየውን መመዘኑን ትቶ፣ ምክሩን ራሱን ይመዝን ጀመር። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ባለጉዳዮች ስለ ሰው ጠባይ የተጻፉባቸውን መቶ ካርዶች አንድ ጊዜ አሁን እንዳሉት፣ አንድ ጊዜ ሊሆኑ እንደሚመኙት አድርገው ይደረድሩ ነበር። የሁለቱ ድርደራ ተዛምዶ ከምክሩ በፊት -0.01፣ ከምክሩ በኋላ 0.34 ሆኖ ተገኘ። በ1954 የወጣው ይህ ጥናት ምክር ሳያገኙ የቆዩ ሰዎችንም ለማነጻጸሪያ ያካተተ ነበር።

በ1957 ወደ ዊስኮንሲን ተመልሶ ይህንኑ ዘዴ በስኪዞፍሬኒያ ታመው ሆስፒታል በተኙ ሰዎች ላይ ሞከረ። በ1967 የታተመው ውጤት፣ ምክር ያገኙት ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ በጠቅላላው ግልጽ ልዩነት አለማሳየታቸውን ይገልጻል። በአንጻራዊነት የተሻላቸው የመካሪያቸው መረዳትና ቅንነት ከፍ ያለ ሆኖ የተመዘነላቸው ሕሙማን ነበሩ። ሮጀርስ በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲውን ለቆ ካሊፎርኒያ ገብቶ ነበር፤ መጽሐፉ ግን በስሙ ወጣ።