የሊኑክስ ጸረ-ቫይረስ

የሊኑክስ ጸረ-ቫይረስ በሊኑክስ ስርዓተ ክወና በሚሠሩ ኮምፒውተሮች ላይ ተንኮል አዘል ፕሮግራሞችን ፈልጎ የሚያገኝና የሚያስወግድ ሶፍትዌር ነው። የሊኑክስ ተጠቃሚ ይህ ሶፍትዌር ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም የሚለው ጥያቄ ለረዥም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። መልሱ ኮምፒውተሩ በሚሰጠው አገልግሎት ይወሰናል። ለግል ሥራ ብቻ የሚያገለግልና በየጊዜው የሚታደስ የሊኑክስ ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጸረ-ቫይረስ ሊሠራ ይችላል። ከዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ጋር ፋይል የሚለዋወጥ ኮምፒውተር፣ እንዲሁም የኢሜይል ወይም የፋይል ሰርቨር ግን መፈተሻ ቢኖረው ይመረጣል። «ሊኑክስን ቫይረስ አይነካውም» የሚለው በሰፊው የሚነገር አባባል ትክክል አይደለም።

ታሪክ

ሊኑክስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነበረው በሊነስ ቶርቫልድስ ነው። ዛሬ እንደ ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ፌዶራና ሊኑክስ ሚንት ባሉ ስርጭቶች ይታደላል። የአንድሮይድ ስልኮችም ከርነል ሊኑክስ ስለሆነ፣ ሊኑክስን ሳያውቁት በኪሳቸው ይዘው የሚዞሩ ኢትዮጵያውያን በኮምፒውተር ከሚጠቀሙበት እጅግ ይበልጣሉ።

ለሊኑክስ የተጻፈው የመጀመሪያው ቫይረስ ስታኦግ ሲሆን የታየው እ.ኤ.አ. በ1996 ነበር። በዓመቱ ብሊስ የተባለ ሌላ ቫይረስ ተከተለው። ሁለቱም በሰፊው ሳይሠራጩ ቀርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ስላፐር የተባለው ትል የድረ ገጽ ሰርቨሮችን ሲያጠቃ ግን የሊኑክስ ዋና ስጋት ከተራው ተጠቃሚ ጠረጴዛ ይልቅ በሰርቨሩ በኩል እንደሚመጣ ታየ።

ቫይረስ በሊኑክስ ላይ ለምን አይስፋፋም?

የመጀመሪያው ምክንያት የፈቃድ አሠራሩ ነው። ተራ ተጠቃሚ የስርዓቱን ፋይሎች መለወጥ አይችልም። ለዚህ ሩት የሚባለው የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስፈልጋል፤ ኮምፒውተሩም ከመፍቀዱ በፊት የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ሁለተኛው፣ ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ተጠቃሚው የማስኬጃ ፈቃድ ካልሰጠው በስተቀር እንደ ፕሮግራም አይነሳም። ሦስተኛው፣ አብዛኛው ሶፍትዌር የሚጫነው ስርጭቱ ራሱ ከሚያስተዳድረው ማከማቻ ነው። እያንዳንዱ ጥቅል የዲጂታል ፊርማ ስላለው በመንገድ ላይ ቢለወጥ ይታወቃል። አራተኛው፣ የሊኑክስ ዴስክቶፕ ተጠቃሚዎች ቁጥር ከዊንዶውስ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ በመሆኑ ቫይረስ ጸሐፊዎች እምብዛም አያተኩሩበትም።

እነዚህ ምክንያቶች ወሰን አላቸው። የሩት ሥልጣን ያላገኘ ተንኮል አዘል ፕሮግራም ስርዓቱን ባያፈርስም የተጠቃሚውን የራሱን ፋይሎች ማንበብ፣ መሰረዝ ወይም መቆለፍ ይችላል። ለአንድ ተማሪ ደግሞ ስርዓተ ክወናው በአንድ ሰዓት እንደገና የሚጫን ነገር ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ግን አይተካም። ማከማቻና የማውረጃ ገጽም ቢሆኑ ፍጹም አስተማማኝ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ሰርጎ ገቦች የሊኑክስ ሚንትን ድረ ገጽ ሰብረው ተጠቃሚዎች የኋላ በር የተሠራለት ቅጂ እንዲያወርዱ አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ደግሞ ኤክስዜድ በተባለው የፋይል ማመቂያ መሣሪያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የኋላ በር ተገኝቷል። ያገኘው ጸረ-ቫይረስ አልነበረም፤ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ባለሙያ ከሩቅ ወደ ኮምፒውተር መግቢያው መዘግየቱ አጠራጥሮት ሲመረምር ነው የደረሰበት።

የፍላሽ ቫይረስ በብቸና፣ በሞጣና በመሳሰሉት ከተሞች

ብቸና በእነማይ ወረዳ፣ ሞጣ በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ፣ ከደጀን በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ናቸው። በእነዚህም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ማመልከቻ፣ የትምህርት ቤት ፈተናና የመመረቂያ ጽሑፍ በብዛት የሚታተመው በኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤቶች ነው። ፋይሉ የሚጓዘው በፍላሽ ስለሆነ አንድ የተበከለ ኮምፒውተር በቀን ውስጥ የብዙ ደንበኞችን ፍላሽ ሊበክል ይችላል።

ማይክሮሶፍት ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ እንዲነሳ የሚያደርገውን አሠራር ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ አስቀርቶታል፤ በቀደሙት ቅጂዎችም እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ማሻሻያ ዘግቶታል። ከዚያ ወዲህ የተለመደው «ሾርትከት ቫይረስ» የሚባለው ነው። ይህ ቫይረስ በፍላሹ ላይ ያሉትን ፎልደሮች ይደብቅና በየስማቸው ሾርትከት ይተካል። ባለቤቱ ሾርትከቱን ሲከፍት መጀመሪያ ቫይረሱ ይነሳል፤ ቀጥሎ እውነተኛው ፎልደር ስለሚከፈት ምንም የተፈጠረ ነገር ያለ አይመስልም። ብዙ ሰው ፋይሉ የጠፋ መስሎት ፍላሹን ፎርማት ያደርጋል፤ በዚህም ሳይጠፋ የነበረውን ሰነድ በገዛ እጁ ያጠፋዋል።

ያው ፍላሽ በሊኑክስ ላይ ሲሰካ ሁኔታው ይለያል። የዊንዶውስ ስክሪፕት የሚያስነሳው ፕሮግራም በሊኑክስ ላይ ስለሌለ ቫይረሱ አይሠራም። የሊኑክስ የፋይል ማሳያ የተደበቀ አድርጎ የሚቆጥረው ስሙ በነጥብ የሚጀምረውን ፋይል ብቻ በመሆኑም በዊንዶውስ የተደበቁት ፎልደሮች በግልጽ ይታያሉ። ስለዚህ ሳይጫን ከፍላሽ በሚነሳ ኡቡንቱ «ጠፋ» የተባለን ሰነድ ገልብጦ ማዳን ይቻላል።

ይሁን እንጂ ቫይረሱ በሊኑክስ ላይ አልሠራም ማለት ከፍላሹ ጠፋ ማለት አይደለም። የሊኑክስ ተጠቃሚ ሳያውቀው ከአንዱ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ቫይረስ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል። የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ላይ የሚያስኬደውን ዋይንን የጫነ ሰው ደግሞ አንዳንድ የዊንዶውስ ቫይረሶች በራሱም ኮምፒውተር ላይ ሊነሱበት ይችላሉ። በሊኑክስ ላይ ጸረ-ቫይረስ የሚጫንበት ዋናው ምክንያትም ሌሎችን ከመበከል ለመቆጠብ ነው።

በኢትዮጵያ የታዩ የስለላ ሶፍትዌሮች

ጸረ-ቫይረስ ምን ያህል እንደሚያስጥል ከሚያሳዩ ማስረጃዎች አንዳንዶቹ ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዙ ናቸው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር የግንቦት 7 አባላትን ፎቶግራፍ ማጥመጃ አድርጎ መሠራጨቱን ገለጸ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 የኢሳት ጋዜጠኞች ሃኪንግ ቲም በተባለው የጣሊያን ኩባንያ ሶፍትዌር መጠቃታቸውን፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ደግሞ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የፍላሽ ፕሌየር ማሻሻያ በመሰለ ፋይል መታለማቸውን አስታውቋል።

እነዚህ ጥቃቶች በዊንዶውስ ላይ ያነጣጠሩ ቢሆኑም ለሊኑክስ ተጠቃሚም ትምህርት አላቸው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ለሊኑክስ የተሠራ የፊንስፓይ ቅጂ መገኘቱን አሳውቋል። እንዲህ ያለው ሶፍትዌር ከጸረ-ቫይረስ ዓይን እንዲሰወር ታስቦ የሚሠራ ስለሆነ ዋናው መከላከያ ከማይታወቅ ሰው፣ ወይም ከሚታወቅ ሰውም ቢሆን ባልተጠበቀ ሁኔታ የተላከን ፋይል አለመክፈት ነው።

ሰርቨሮችና ሌሎች መሣሪያዎች

በዓለም ላይ ያሉ ድረ ገጾች አብዛኞቹ በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ስለሚሠሩ ገንዘብ ፈላጊ ወንጀለኞች ሊኑክስን ችላ አይሉትም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ፕሮግራም በሊኑክስ የሚሠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የያዘው ከፋብሪካ የመጡበት የይለፍ ቃል ባለመቀየሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ናያና የተባለው የደቡብ ኮሪያ ኩባንያ 153 የሊኑክስ ሰርቨሮቹ ኤሬበስ በተባለ ቤዛ ጠያቂ ፕሮግራም ተቆልፈውበት 1 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ ለመክፈል ተገዷል።

ማሻሻያና የኢንተርኔት መቋረጥ

የሊኑክስ ደኅንነት ከጸረ-ቫይረስ ይልቅ በማሻሻያ ላይ የቆመ ነው። ቀዳዳ ሲገኝ ስርጭቱ መድፈኛውን በማከማቻው ያወጣል። ኢንተርኔት በሌለበት ግን ይህ አሠራር ይቆማል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ወራት በተቋረጠበት ጊዜ ሌላ መስመር ያልነበረው ተጠቃሚ ማሻሻያ ማውረድ አይችልም ነበር። በዚህ ጊዜ ጸረ-ቫይረስም ቢሆን አዲስ ቫይረስ የሚለይበት መዝገብ ስለማይታደስ ከቀን ወደ ቀን ይደክማል።

እንዲህ ላለው ሁኔታ አማራጮች አሉ። አፕት-ኦፍላይን የተባለው መሣሪያ የሚያስፈልጉትን ጥቅሎች ዝርዝር በፍላሽ ላይ ይጽፋል፤ ጥቅሎቹ ኢንተርኔት ባለበት ከተማ ወርደው ይመለሳሉ። የጸረ-ቫይረስ መዝገብም በተመሳሳይ መንገድ ሊገለበጥ ይችላል። ከሰው እጅ የተገኘ የኡቡንቱ ቅጂ ከመጫኑ በፊት ግን አሻራው፣ ማለትም በስርጭቱ ገጽ የሚወጣው የሻ-256 ቁጥር፣ መመሳከር አለበት።

የሚገኙ መሣሪያዎች

በሰፊው የሚታወቀው ነጻ ጸረ-ቫይረስ ክላምኤቪ ሲሆን የሚያስተዳድረው ሲስኮ ነው። በነባሪ አጠቃቀሙ ፋይልን የሚፈትሸው ሲታዘዝ ስለሆነ ፍላሽ ለመፈተሽ ይመቻል። መዝገቡ ከ1 ጊጋባይት በላይ ራም ስለሚይዝ ግን በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይከብዳል። አርኬሀንተርና ቼክሩትኪት የተባሉት ደግሞ በስርዓቱ ውስጥ ራሳቸውን የሚደብቁ ፕሮግራሞችን ይፈልጋሉ።

ማን ያስፈልገዋል?

• ለትምህርትና ለግል ሥራ ብቻ የሚጠቀም፦ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገውም። ማሻሻያ፣ ጠንካራ የይለፍ ቃልና ከኮምፒውተሩ ውጭ የተቀመጠ ቅጂ ይበቁታል።
• የደንበኞችን ፍላሽ የሚቀበል ጽሕፈት ቤት ወይም የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል፦ ክላምኤቪን የመሰለ መፈተሻ ያስፈልገዋል።
• የኢሜይል ወይም የፋይል ሰርቨር የሚያስተዳድር፦ ያስፈልገዋል፤ ከፋየርዎልና ከመዝገብ ክትትል ጋር መሆን አለበት።
• የአንድሮይድ ስልክ ተጠቃሚ፦ ዋናው ጥንቃቄ በቴሌግራም ወይም በስልክ ለስልክ ልውውጥ የተገኘ አፕሊኬሽን አለመጫን፣ በተለይም የባንክ አፕሊኬሽን ከዋናው መደብር ብቻ ማውረድ ነው።