በጨርቅ ተሥሎ በግድግዳ የተለጠፈ ሥዕል

በጣና ደሴቶችና በጎንደር ዙሪያ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የሸፈነው ሥዕል፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ በግድግዳው ላይ በቀጥታ የተሣለ አይደለም። በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ በሙጫ የተለጠፈ ነው። ከሩቅ ሲታይ ከልስኑ ጋር አንድ አካል ይመስላል፤ ጠጋ ብሎ ላስተዋለው ግን የጨርቁ ስፌት፣ የተተረተረው ጠርዝ፣ ልስኑን ለቆ ያበጠው ቦታ ይለያል። ይህ አሠራር ሥዕሉ በሚሰነጠቅ ግድግዳ ላይ ጸንቶ እንዲኖር አድርጎታል። ከግድግዳው ተነቅሎ እንዲወሰድም በር ከፍቷል።

ሥዕልን በጨርቅ ሠርቶ መለጠፍ ከመለመዱ በፊት የነበረው አሠራር ሌላ ነበር። በዋሻ ውስጥ በታነጸው ይምርሐነ ክርስቶስ፣ በላሊበላ ቤተ ማርያም፣ የዐፄ ይኩኖ አምላክ (1270–1285 እ.ኤ.አ.) ምስል ባለበት በገነተ ማርያም፣ እንዲሁም በገርዓልታ ተራሮች በቆርቆር ማርያምና በአቡነ የማታ ጉሕ ሠዓሊው የሠራው በግድግዳው ላይ ነው። ግድግዳው በስሱ ይለሰናል፤ ልስኑ ሲደርቅ ከማጣበቂያ ጋር የተበጠበጠ ቀለም ይቀባል። በኢጣሊያ የታወቀው አሠራር ቀለሙን በእርጥብ ኖራ ላይ አኑሮ አብሮት እንዲደርቅ ያደርጋል፤ የኢትዮጵያው ቀለም ግን በደረቅ ልስን ላይ የተቀመጠ ነውና ልስኑ ሲረግፍ አብሮ ይረግፋል። በዓለት ውስጥ ይህ ብዙ አላስቸገረም። ዓለት አይሰጥም፣ አይወላገድም፤ ውኃ ካልሰረገበት በቀር ሥዕሉን ለዘመናት ይሸከማል።

ተንቀሳቃሽ ሥዕልም አልጠፋም። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) የእመቤታችን ሥዕል በሥርዓተ አምልኮው ሰፊ ቦታ ሲያገኝ፣ እንደ ፍሬ ጽዮን ያሉ ሠዓሊዎች በእንጨት ገበታ ላይ ሠሩ። ገበታው በበዓል ቀን ወጥቶ ይታያል፣ ምእመናን ይሳለሙታል፣ ከዚያ ወደ ዕቃ ቤት ይመለሳል። ለግድግዳ የተሠራ አልነበረም።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ ግን አዳዲስ አብያተ ክርስቲያናት በብዛት ተሠሩ። የአብዛኞቹ ቅርጽ ክብ ነው፤ ከውጭ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መካከል ላይ ባለ አራት ማዕዘን መቅደስ። ሥዕሉ የሚሠራው በመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ ላይ፣ በቅድስት የቆመ ሰው ዞሮ በሚያየው ቦታ ነው። የግድግዳው ነገር ግን ከዓለቱ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ድንጋይና ጭቃ ወይም እንጨትና ጭቃ ነው፤ ጭቃው ጭድ ተደባልቆበት ይመረጋል። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ እንጨቱ ይኮማተራል፣ ምስጥም ይገባበታል። በእንዲህ ያለ ምርግ ላይ በቀጥታ የተሣለ ፊት ጥቂት ክረምት ሳያልፍ ለሁለት ይከፈላል። ጨርቅ ግን በስንጥቁ ላይ አልፎ ስለሚሄድ፣ ከሥሩ ያለው ጭቃ ቢተረተርም የተሣለው ገጽ አንድ ሆኖ ይቆያል። መፍትሔው ቀላል ይመስላል፤ ብልሃቱ ግን ትልቅ ነው፤ የግድግዳውን ድካም ከሥዕሉ ለይቶታልና።

ሥራው እጅ ይበዛበታል። የሸማኔ ጨርቅ ጠባብ ስለሆነ ጎን ለጎን ይሰፋል፤ ኋላ ላይ ከውጭ የሚመጣው አቡጀዲ ይህን አቃለለ። ጨርቁ ሙጫ ይጠጣል፤ ከዚያ ነጭ አፈር ወይም ጄሶ በሙጫ ተለውሶ በላዩ ይቀባና ለቀለም የሚመች ለስላሳ ገጽ ይወጣዋል። አንዳንዱ ሠዓሊ ጨርቁን መሬት ላይ ዘርግቶ ሥሎ ሲጨርስ ይለጥፋል፤ ሌላው አስቀድሞ ለጥፎ በቆመው ግድግዳ ላይ ይሥላል። የመጀመሪያው መንገድ እጅ ያሳርፋል፣ ልኬቱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። መቅደሱ በሮችና መስኮቶች አሉት፤ በበሩ ግራና ቀኝ ሰይፍ ይዘው የሚቆሙት ሚካኤልና ገብርኤል በትክክል በቦታቸው መዋል አለባቸው። ጥቁር ከከሰል፣ ቀይና ቢጫ ከአፈር ይወጣል፤ በነጋዴ የመጣው ደማቅ ቀለም ተጨማሪ ነው። ሥራውን ያሠራው መኮንን ወይም እቴጌ ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ ይሣላል፤ እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት ባሠሯት ናርጋ ሥላሴ እንዲሁ ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው ይታያሉ።

የተለጠፈ ሥዕል ጠላቱ ውኃ ነው። የሣር ክዳኑ ሲያረጅ ዝናቡ በግድግዳው ላይ ይወርዳል፣ ሙጫው ይላላል፣ ጨርቁ ከላይ ጀምሮ ይንጠለጠላል። የዕጣንና የጧፍ ጢስ ገጹን ያጠቁረዋል፤ ነፍሳትም ሙጫውን ይወዱታል። ካህናቱ በሥዕሉ ፊት የሚዘረጉት መጋረጃ ከክብሩ ሌላ ከብርሃንና ከአቧራም ይከልለዋል። መጋረጃው በዘንግ ገለጥ ሲደረግ ዛሬም በጣናው ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚታየው የቀለም ድምቀት ለዚህ ጥበቃ ምስክር ነው፤ ጠባቂዎቹ የሚገባቸውን ምስጋና እምብዛም አላገኙም።

ጨርቁ ከግድግዳ መነሣት መቻሉ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ በግልጽ የታየው በጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ዐፄ ጻድቁ ዮሐንስ (1667–1682 እ.ኤ.አ.) ናቸው። በ1932 እ.ኤ.አ. በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳዮች የዳካር–ጅቡቲ ተልዕኮ ጎንደር ሲደርስ ክዳኑ ያፈስ፣ ሥዕሎቹም ይጎዱ ነበር። የተልዕኮው ሰዎች ጨርቆቹን ከግድግዳው ላይ አላቀው አነሡ፤ በምትካቸውም የቡድኑ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸውን ቅጂዎች ለጠፉ። የተነሣው ተጠቅልሎ ወደ ፓሪስ ሄደ። አብሯቸው የነበረው ሚሼል ሌሪስ በ1934 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ ማስታወሻ የተልዕኮውን የአሰባሰብ መንገድ ሳይሸፍን ጽፎታል። በልስን ላይ በቀጥታ የተሣለ ቢሆን ኖሮ ሥራው እጅግ በከበደ ነበር። ሥዕሎቹ ዛሬ በፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ከዝናብ ድነዋል፤ ይህ እውነት ነው። ክዳኑን መጠገን ግን ሌላው አማራጭ ነበር፤ ለአንድ መቅደስ አራት ማዕዘን ተለክቶ፣ ለዚያ ቅዳሴና ለዚያ ምእመን የተሠራ ሥራም በሙዚየም አዳራሽ ሙሉ ትርጉሙን አያገኝም።

ጨርቁ በሰላምም ተጉዟል። ከዓድዋ ድል በኋላ በቤተ ክርስቲያን የሠለጠኑ ሠዓሊዎች አዲስ አበባ ላይ ጦርነቱን፣ የንግሥተ ሳባን ታሪክ፣ ግብሩንና አደኑን በጨርቅ እየሣሉ ለውጭ አገር ሰዎች ይሸጡ ጀመር። በላቸው ይመር ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። ገዢው ጠቅልሎ በሣጥን ይዞት ይሄድ ስለነበር ብዙው ሥራ በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚየሞች ቀረ።

የሲሚንቶ ግድግዳ ሲመጣ ችግሩ መልኩን ለወጠ። ብሎኬትና ኮንክሪት እንደ ጭቃ አይተረተርም፤ ይልቁን ሚስማር ያጎብጣል፣ ልስኑም በምት ይፈነቀላል። ስለዚህ ትልቅ ሥዕል ለማቆም ማጣበቅ እዚህም ተመራጭ ሆነ፤ ሸራው በሠዓሊው ቤት ተሥሎ ይመጣና በኮላ ይለጠፋል። አዲስ የተለሰነ ሲሚንቶ ግን በውስጡ እርጥበትና የዘይት ቀለምን የሚበላ የኖራ ጠባይ አለው። ሳይደርቅ የተለጠፈበት ሸራ ያብጣል፣ በቀጥታ የተቀባበት የዘይት ቀለምም ይላጣል። የምረቃው ቀን ደርሶ ሥራው ሲጣደፍ ጉዳቱ የሚጀምረው በዚህ ነው፤ ልስኑ በደንብ እስኪደርቅ መታገሥ ከየትኛውም ማጣበቂያ ይበልጣል።

በአሮጌውና በአዲሱ ማጣበቂያ መካከል ያለው ልዩነትም ለጠጋኞች ከባድ ጉዳይ ነው። ከቆዳ የሚወጣው ሙጫ በእርጥበትና በሙቀት ይላላል፤ ባለሙያ የተጎዳውን ጨርቅ በጥንቃቄ አንሥቶ፣ ከጀርባው ሌላ ጨርቅ ደግፎ፣ ግድግዳውን ጠግኖ ወደ ቦታው ሊመልሰው ይችላል። የዛሬው የፋብሪካ ኮላ አንዴ ከደረቀ በኋላ በቀላሉ አይለቅም፤ ግድግዳው በታመመ ጊዜ ሸራውን ሳይቀድዱ ማንሣት አስቸጋሪ ይሆናል።