የቡጢ ኃይል ከየት ይነሳል? የቻይኖቹ ጥበብ ከጦር ሜዳ እስከ ብሩስ ሊ

የድሮ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። «ማስተር፣ ቡጢዬ ኃይል እንዲኖረው ምን ልሥራ? ፑሽ አፕ ልጨምር? ግድግዳ ልምታ? ወይስ ያ ቺ የሚሉት ነገር እውነት አለ?» ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መልሱን ባጭሩ ለምትፈልጉ፦ ክንድ መልእክተኛ ነው፤ ላኪው እግርና ወገብ ነው። በቃ። ግን ቻይናዎች ይህንን እንዴት እንዳዳበሩት፣ በመሐል ምን እንዳበላሸባቸውና እንዴት እንደተመለሱበት ማወቁ ከመልሱ በላይ ይጠቅማል ባይ ነኝ። በተለይ ዛሬ ራሳችሁ ልጆች ለምታሰለጥኑ።

ከጄኔራል ቺ ጂጓንግ (1528–1588) እንጀምር። የሚንግ ሥርወ መንግሥት የጦር አዛዥ ነበር። በዘመኑ የቻይናን ምሥራቃዊ ጠረፍ የባሕር ወንበዴዎች ያምሱት ነበር። ቺ ከዪው አካባቢ ገበሬዎችንና ማዕድን ቆፋሪዎችን መልምሎ ሠራዊት አደራጀ፤ በ1560 ገደማም የሥልጠና መጽሐፍ ጻፈ። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ባዶ እጅ ፍልሚያ አንድ ምዕራፍ አለ፤ 32 አቋቋሞች ከነሥዕላቸው። የሚገርመው ግን ጄኔራሉ ራሱ ቡጢ ለትልቅ ጦርነት ብዙም እንደማይጠቅም ሳይደብቅ ይናገራል። ታዲያ ለምን አስተማረው? ሰውነት እንዲፍታታ፣ እግር እንዲቀል፣ እጅና ወገብ አብረው መሥራት እንዲለምዱ ነዋ! ለሱ ቡጢ የመሣሪያ ትምህርት መግቢያ ነበር።

መሣሪያው ደግሞ ራሱ አስተማሪ ነው። ረጅም ጦር በክንድ ብቻ ለመውጋት ሞክሩ፤ ጫፉ ይወዛወዛል፣ ትከሻ ይዝላል። እግር ሲገፋ፣ ዳሌ ሲዞር፣ እጅ አቅጣጫ ሲይዝ ግን ጦሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሺንግ ዪ የሚባለው ስልት መነሻው ጂ ጂኬ የተባለ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ጦረኛ እንደሆነ በትውፊት ይነገራል። የጦር አወጋጉን ወደ ቡጢ አመጣው ይላሉ። የስልቱን አረማመድ ያየ ሰው ይህ ትውፊት ለምን እንደተወለደ ይገባዋል። የፊት እግር ወደፊት ይገባል፣ የኋላው ተጎትቶ ይከተላል፣ ቡጢውም መላ ሰውነት እየሄደ እያለ ያርፋል። ማለትም የሚመታው ክንድ ብቻ ሳይሆን የሰውዬው ሙሉ ክብደት ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የዚህ ስልት ባለሙያ ጉኦ ዩንሸን እስር ቤት እግሩ በሰንሰለት ታስሮ ግማሽ እርምጃ ብቻ መራመድ ስለሚችል በግማሽ እርምጃ የሚመታ ቡጢ አዳበረ የሚል ወግ አለ። ወጉን እንደ ወግ ያዙት። ትምህርቱ ግን ትክክል ነው፤ ክብደታችሁ አብሮ ከሄደ ግማሽ እርምጃ ይበቃል።

ቻይናዎቹ ሁለት ቃል አላቸው። አንደኛው «ሊ» ነው፤ ተራ የጡንቻ ጉልበት ማለት ነው። ሁለተኛው «ጂን» ነው፤ በልምምድ የተቀናጀ፣ ከእግር እስከ እጅ ሳይቆራረጥ የሚያልፍ ኃይል። ይህንን ኃይል በአንድ ቅጽበት መልቀቅ «ፋ ጂን» ይባላል። ልዩነቱን እኛ አገር ለማስረዳት ጅራፍ ይበቃል። ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ያውቀዋል፤ የሚጮኸው ጫፉ ነው፣ ኃይሉ ግን ከእጀታው ነው የተላከው። ከባዱና ዘገምተኛው ክፍል መጀመሪያ ይነሳል፣ ቀላሉና ፈጣኑ መጨረሻ ይደርሳል። በሰውነታችንም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ ተረከዝ፣ ጉልበት፣ ዳሌ፣ ትከሻ፣ ክርን፣ ጡጫ። አንዱ ቦታ ላይ ግትር ካላችሁ ጅራፉ መሐሉ ላይ የተቋጠረ ያህል ነው፣ አይጮህም።

ለዚህ ነው የታይ ቺ አስተማሪዎች «ሶንግ» እያሉ የሚጨቀጭቁት። ሶንግ መፍታታት ነው እንጂ መልፈስፈስ አይደለም። ታይ ቺ ዛሬ ፓርክ ውስጥ ሽማግሌዎች ቀስ ብለው የሚሠሩት ጂምናስቲክ ይመስለናል። ነገር ግን በሄናን ክፍለ ሀገር በቼን መንደር ለትውልዶች ሲሠለጥን የኖረ የፍልሚያ ጥበብ ነው። ያንግ ሉቻን (1799–1872) ከዚያው መንደር ተምሮ ወደ ቤይጂንግ የወሰደውም ለፍልሚያ ነው። ቀስ ብሎ መሥራቱ አንድ ጥቅም አለው፤ ኃይሉ የት ላይ እንደተቆረጠ ለማየት ጊዜ ይሰጣል። በፍጥነት ስትሠሩ ስህተቱ ይደበቃል።

እስካሁን ያወራነው ሁሉ የአካል ነገር ነው። አሁን ወደሚያመው ክፍል እንምጣ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሻንዶንግ ውስጥ ድርቅ፣ ጎርፍና የውጭ ኃይሎች ጫና ተደራረበ። ዪሄትዋን የተባለ እንቅስቃሴ ተነሳ፤ ፈረንጆቹ «ቦክሰሮች» ያሏቸው። ብዙዎቹ ወጣት ገበሬዎች ነበሩ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆችም ነበሩባቸው። ቡጢ ይለማመዳሉ፣ ድግምት ይደግማሉ፣ መንፈስ ሲያድርብን ጎራዴም ጥይትም አይጎዳንም ብለው ያምናሉ። ብሶታቸው እውነተኛ ነበር። የተነገራቸው የኃይል ምንጭ ግን ውሸት ነበር። በ1900 የስምንት አገሮች ጦር ቤይጂንግ ሲገባ ጥይቱ ድግምት አላወቀም። ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ቻይናም በ1901 ስምምነት 450 ሚሊዮን ቴል ብር ካሳ እንድትከፍል ተገደደች።

ከዚያ በኋላ የተማሩት ቻይናዎች ሁለት ነገር አሉ። አንዳንዱ «ይህ ቡጢ የሚባል ነገር ኋላቀርነት ነውና ይቅር» አለ። ሌላው ደግሞ «አይ፣ ድግምቱ ይቅር፣ አካሉ ይቆይ» አለ። በ1910 ሻንጋይ ውስጥ ከሁዎ ዩዋንጂያ ስም ጋር የተያያዘው የጂንግ ዉ ማኅበር ተቋቋመ። (በ1972ቱ ፊልም ብሩስ ሊ የአስተማሪውን ደም የሚመልሰው ለዚህ ሰው ነው፤ በቪዲዮ ቤት ዘመን ያደጋችሁ ታስታውሳላችሁ።) ማኅበሩ ቡጢን በግልጽ፣ በክፍል፣ እንደ አካል ብቃት ትምህርት ማስተማር ጀመረ። በ1915 ሱን ሉታንግ የሺንግ ዪ መጽሐፉን አሳተመ። በ1928 ናንጂንግ ላይ ማዕከላዊ የብሔራዊ ጥበብ ተቋም ተከፈተ። ታንግ ሃዎ የተባለው ተመራማሪ ደግሞ በ1930 ባሳተመው ጥናት የሻኦሊንን ቡጢ ቦዲዳርማ ፈጠረው የሚለውን ተረት በሰነድ ፈተሸው፤ ተረቱም አልቆመም። ወገኖቹ ደስ አላላቸውም። እሱ ግን ጥበቡን የጠላ ሰው አልነበረም፤ የሚወዱትን ነገር እውነቱን መናገር ነው የመረጠው።

ብሩስ ሊን ደግሞ እንመልከት። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከዪፕ ማን ዊንግ ቹን ተማረ። በ1964 ሎንግ ቢች፣ ካሊፎርኒያ ላይ የአንድ ኢንች ቡጢውን አሳየ፤ የተመታው ሰው ከኋላው ወደተዘጋጀለት ወንበር ተወረወረ። ብዙ ሰው ተአምር አለው። ግን ጉልበቱንና ዳሌውን ተመልከቱ እንጂ እጁን አትዩ፤ የኋላ እግሩ ሲዘረጋ፣ ወገቡ ሲዞር፣ ክንዱ መጨረሻ ላይ ይደርሳል። የቡጢ ጉዞዋ ኢንች ናት፣ የሰውነቱ ጉዞ ግን ከዚያ በላይ ነው። የሚያነበውም የቻይና መጽሐፍ ብቻ አልነበረም። የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበረው ጃክ ዴምፕሲ በ1950 ባወጣው መጽሐፍ ቡጢ የሚጀምረው ክብደትን ወደፊት ከሚጥል እርምጃ ነው ብሎ ያስተምራል። ከሺንግ ዪ እርምጃ ጋር አነጻጽሩት። ሁለቱም ሰው ናቸው፣ ሁለቱም መሬት ላይ የቆሙ ናቸው፤ መልሳቸው መቀራረቡ አይገርምም።

ሳይንሱስ? በ1985 የወጣ የሶቪየት ተመራማሪዎች ጥናት ቦክሰኞችን ሲለካ፣ በከፍተኛ ደረጃ ላይ ያሉት ከቡጢ ኃይላቸው 38 በመቶ የሚሆነውን ከእግር እንደሚያገኙ፣ ጀማሪዎቹ ግን ከእግር የሚያገኙት 17 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሆነ አሳየ። በ2010 ካናዳዊው ስቱዋርት መክጊልና ባልደረቦቹ ደግሞ የተፋላሚዎችን ጡንቻ ለኩ። ጥሩ መቺዎች ጡንቻቸው ሁለቴ ይጠነክራል፤ ሲነሳ አንዴ፣ ሲያርፍ አንዴ። በመሐል ይፈታል። ይህ እኮ ሶንግ ነው! የቼን መንደር ሰዎች ያለ ኤሌክትሪክ ሽቦ በአካላቸው ያወቁት ነገር ነው።

በ2017 ቼንግዱ ላይ ሹ ሺያዎዶንግ የተባለ ተፋላሚ የታይ ቺ ማስተር ነኝ ያለውን ዌይ ሌይን ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሲዘርረው ዓለም «የቻይና ጥበብ ባዶ ነው» አለ። እኔ እንደዚያ አላየሁትም። ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ መልሶ የሚመታ ሰው ላይ ማሳረፍ ሌላ ነው። ሁለተኛውን የሚያስተምር እውነተኛ ስፓሪንግ ብቻ ነው።

እንግዲህ ልምምዱ፦

1. ግድግዳ ፊት ቁሙ፤ መዳፋችሁን አሳርፋችሁ ክርናችሁን ሳታንቀሳቅሱ በኋላ ተረከዛችሁ ብቻ ግፉ። ግፊቱ መዳፍ ላይ እስኪሰማችሁ አቋማችሁን አስተካክሉ። ግድግዳውን አትምቱ! የእጅ አንጓ መለዋወጫ የለውም።
2. እጃችሁን አንጠልጥላችሁ ወገብ ብቻ አዙሩ። እጅ ይከተል፣ አይምራ።
3. ቡጢውን በጣም ቀስ ብላችሁ 20 ጊዜ ሠርታችሁ፣ ከዚያ 5 ጊዜ ብቻ በፍጥነት ከረጢት ላይ።
4. በሳምንት ቢያንስ አንዴ ከሰው ጋር፣ መከላከያ አድርጋችሁ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉ የለ፤ ቡጢም እንደዚያው ነው፣ በእግሩ ነው የሚሄደው።

ለምታሰለጥኑት ደግሞ አንድ አደራ። የ12 ዓመት ልጅ «ማስተር፣ ኃይሉ ከየት ነው የሚመጣው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ የምትሉትን ያምናል፤ የሻንዶንግ ልጆችም አምነው ነበር። ምስጢር እየሸጣችሁ ገንዘብ ከመሰብሰብ፣ ተረከዙን አሳዩት። መሬቱ ለሁሉም እኩል ነው፣ ክፍያም አይጠይቅም።

ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ አንድ በአንድ እመልሳለሁ። ሰላም ሁኑልኝ።