የዸ ፊደል ጉዞ፦ ከእርሳስ እስከ ሥዕል

በ1931 እ.ኤ.አ. በነቀምቴ ያረፉት ኦነሲሞስ ነሲብ የኦሮምኛ አዲስ ኪዳንን በ1893 በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ፣ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊስ አገር ያሳተሙት በግዕዝ ፊደል ነበር። አማርኛ ለማያውቀው የኦሮምኛ ድምፅ ከደ የወጣችው ዸ ታገለግላለች። በእርሳስ ዘመን ለቃሚው የዸን ቁራጭ በሳጥኑ ካላገኘ ቃሉ ይጎድል ነበር። በ1999 ዩኒኮድ ለዸ የራሷን ቁጥር ሰጣት፤ ሆኖም ቅርጿን የያዘ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር በቦታዋ ባዶ ሳጥን ይታያል። ስለዚህ አዘጋጆች ፎንቱን ወደ ሥዕል ይለውጡታል። ለዓይን ይበቃል፤ ለመዝገብ ግን አይበቃም፤ ሥዕል የሆነ ቃል በፍለጋ አይገኝምና። ከ1991 ወዲህ ኦሮምኛ በቁቤ ስለሚጻፍ ዸን ከፎንት ሠሪ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ በእርሷ የታተሙት አሮጌ መጻሕፍት ግን ዛሬም አሉ።