ፓስወርድ የሰረቀው ተማሪ

ኮምፒውተር ክፍል ስንገባ "የሰው ፓስወርድ አትንኩ" ስል "ቲቸር ደግሞ ያካብዳል!" ትሉ ነበር አይደል? ነገሩ የቆየ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ፣ ኤም አይ ቲ ውስጥ አንዱን ትልቅ ኮምፒውተር ብዙ ሰው ይጋራው ነበር። ፓስወርድ የመጣውም የእያንዳንዱ ድርሻ እንዳይነካ ነው። የዶክትሬት ተማሪው አለን ሼር በሳምንት የሚደርሰው 4 ሰዓት አልበቃውም። አርብ ማታ የፓስወርዶቹ ፋይል እንዲታተም በተበሳ ካርድ አዘዘ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሄዶ ወረቀቱን ወሰደ። በቃ፣ ይኸው ነው! ያመነው ከ25 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ሳነበው ሳቅኩ፤ ልጁ ጎበዝ ነው። ግን የጨመረው ሰዓት የሌላ ሰው ነበር። በጓደኛው ስም ገብቶ ተራውን የጨረሰበትን ልጅ ያኔ ከክፍል አስወጣሁት። ይህን ታሪክ ግን አልነገርኩትም።