ባላንጣን ማድመጥ፦ የሥርጭት ፉክክርና የአማርኛ ዕጣ ከአጭር ሞገድ እስከ ዩቲዩብ

1. መነሻ

የአንድ ሥርጭት ባለቤት የሌላውን አድማጭ ወይም ተመልካች ወደ ራሱ ለመሳብ ሲነሣ አስቀድሞ የሚያደርገው ባላንጣውን ማጥናት ነው። ዛሬ የዩቲዩብ ቻናል ለሚከፍት ሰው የሚሰጠው ምክርም ይኸው ነው፤ በተመሳሳይ ጉዳይ የሚሠሩትን ቻናሎች ለይ፣ ርእሶቻቸውን መዝግብ፣ ከሌሎቹ ይልቅ የታየላቸውን ቪዲዮ ፈልግ፣ ለምን እንደታየ መርምር ይባላል። አሠራሩ ከበይነ መረብ ጋር የተወለደ ይመስላል። ይሁን እንጂ በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ከስድሳ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው። በሬዲዮ ዘመን ባላንጣን ማጥናት ማለት ቋንቋውን ማድመጥ ነበር፤ በቪዲዮ ዘመን ግን ቁጥሩን ማንበብ ሆኗል። ቁጥሩ ለሁሉም ግልጽ ሆኖ ሳለ ቋንቋው ከጥናቱ ወጥቷል፤ ከጥናቱ በመውጣቱም ሳይታሰብበት እየተቀዳ ይሰራጫል። የዛሬው አማርኛ በአደባባይ ከሚሰማባቸው ዋና ዋና ቦታዎች አንዱ ይህ መስክ በመሆኑ፣ ሒደቱ የሥነ ልሳን ባለሙያውን በቀጥታ ይመለከታል።

2. የሬዲዮ ዘመን፦ ጆሮ እንደ መመርመሪያ

እ.ኤ.አ. በ1954 የካይሮ ሬዲዮ በስዋሂሊ ለምሥራቅ አፍሪካ ማሰራጨት ጀመረ። የፀረ ቅኝ አገዛዝ መልእክቱ በእንግሊዝ ግዛቶች ውስጥ አድማጭ ባገኘ ጊዜ ጉዳዩ ለለንደን አሳሳቢ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ቢቢሲ የስዋሂሊና የሶማሊ ሥርጭቶቹን ከፈተ። ጊዜው በአጋጣሚ የገጠመ አልነበረም። ባላንጣው በሕዝቡ ቋንቋ ሲናገር በእንግሊዝኛ መመለስ ከንቱ መሆኑ ስለታወቀ፣ የፉክክሩ የመጀመሪያ ውጤት አዲስ የቋንቋ ክፍል መክፈት ሆነ።

ለዚህ ሥራ መሠረት የሆነው ደግሞ የሌላውን ሥርጭት እየሰሙ የሚጽፉና የሚተረጉሙ ሠራተኞች ድካም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 የተቋቋመው የቢቢሲ የሥርጭት መከታተያ ክፍል የልዩ ልዩ አገሮችን ሬዲዮ እየሰማ ማጠቃለያ ያወጣ ነበር። አድማጩ ሠራተኛ የሚመዘግበው የተባለውን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደተባለ ጭምር ነው፤ አንድ መንግሥት ጎረቤቱን «ወንድም» ማለት ትቶ «ጠላት» ማለት የጀመረበት ቀን ለፖለቲካ ተንታኙ ታላቅ ማስረጃ ነበር። በዚህ መንገድ የቃላት ምርጫ የባላንጣ ጥናት ዋና መረጃ ሆነ።

በኢትዮጵያም ፉክክሩ ብዙ አቅጣጫ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1963 የሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን በአዲስ አበባ ያቋቋመው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ በአማርኛና በሌሎች በርካታ ቋንቋዎች ሲያሰራጭ ቆይቶ በ1977 በደርግ ተወረሰ። የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ሥርጭት እ.ኤ.አ. በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት ደግሞ በ1982 ተጀመሩ። እነዚህ ጣቢያዎች አንዱ የሌላውን አድማጭ በቁጥር ሊያውቁ አይችሉም ነበር። ያላቸው መለኪያ የአድማጭ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ቁጥር ብቻ ሳይሆን ቋንቋም ይዞ ይመጣል፤ ጸሐፊው ያልገባውን ቃል ይጠይቃል፣ የአነባበብ ስሕተት ያርማል፣ ከየትኛው አውራጃ እንደሚጽፍም በአነጋገሩ ይታወቃል። የጣቢያው ቋንቋ የሚታረመው በዚህ ምልልስ ነበር።

ባላንጣን ከማጥናት ይልቅ ማፈን የተመረጠበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት በአገር ውስጥ በሞገድ ታውኮ ነበር። ማፈን ራሱ ባላንጣው ተደማጭ ለመሆኑ የተሰጠ ምስክርነት እንደሆነ ልብ ይሏል።

3. የሳተላይትና የትርጉም ዘመን

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ከጀመረ በኋላ ለአርባ ዓመታት ያህል በአገር ውስጥ ተፎካካሪ አልነበረውም። ሁኔታው የተለወጠው ሳተላይት ሲስፋፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኢቢኤስ፣ በ2010 ኢሳት፣ በ2014 የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ተከተሉ፤ ሦስቱም ውጭ አገር ካለው ማኅበረሰብ ጋር በመነሻቸው የተሳሰሩ ነበሩ።

ለቋንቋ ታሪክ ይበልጥ አስረጂ የሚሆነው ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው የቃና ቴሌቪዥን ነው። መሠረቱ ቀላል የገበያ ምልከታ ነበር፤ በርካታ ኢትዮጵያውያን የአረብ ሳተላይት ጣቢያዎችን ንግግሩ ሳይገባቸው ይመለከቱ ነበር። ስለዚህ ተመልካቹ አስቀድሞ የወደደውን ዓይነት ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ አዋጭ መሰለ። የቱርክና የሌሎች አገሮች ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ ተናገሩ። የአገር ውስጥ የጥበብ ባለሙያዎች ተቃውሞ አሰሙ፤ ክርክሩም ባብዛኛው ስለ ባህልና ስለ ሥራ ዕድል ሆነ። ጥቂት የተነገረለት ጉዳይ የቋንቋው ነው። በከንፈር እንቅስቃሴ ልክ የሚቆረጥ ዓረፍተ ነገር ግሱን መጨረሻ ላይ ለሚያስቀምጠው አማርኛ ፈተና ነው፤ የቱርክኛም ግስ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ተርጓሚውን በከፊል ቢረዳውም፣ የአማርኛ ግስ ተናጋሪን፣ ተደራጊንና አክብሮትን በአንድ ቃል ስለሚሸከም በጊዜው ልክ መግጠሙ ቀላል አይደለም። «አንተ» እና «እርስዎ» የት ላይ እንደሚለወጡ የሚወስነው ተርጓሚው ነው፤ የወሰነውም በብዙ ቤቶች ይሰማል።

4. የዩቲዩብ ዘመን፦ የሚታየውና የማይታየው

ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2005 ተመሠረተ፤ በ2007 ለቪዲዮ ባለቤቶች የገቢ ድርሻ መስጠት ጀመረ። በ2012 ቪዲዮዎችን ለተመልካች የሚያቀርብበትን ስሌት ከተመልካች ብዛት ወደ ታየበት ጊዜ ርዝመት አዞረ። በ2018 ደግሞ ገቢ ለማግኘት ቢያንስ 1,000 ተከታይና በአንድ ዓመት ውስጥ 4,000 የታየ ሰዓት የሚጠይቅ ደንብ አወጣ። እነዚህ ውሳኔዎች ለአማርኛ ተብለው የወጡ ባይሆኑም አማርኛን ነክተዋል። ጊዜ ገንዘብ ሲሆን ነገሩን ፈጥኖ መናገር ኪሳራ ይሆናል፤ ርእሱ የገባውን ቃል መልስ እስከ መጨረሻው የሚያዘገይ፣ «ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት» እያለ የሚያንዛዛ አተራረክ የሚያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የባላንጣ ጥናት ከዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ችግር ይገጥመዋል። የሌላ ሰው ቻናል ተመልካቾች ብዛት፣ ርእስ፣ የሽፋን ምስል፣ ርዝመት፣ የተለቀቀበት ቀንና አስተያየቶች ለሁሉም ይታያሉ። ተመልካቹ ስንት ደቂቃ እንደቆየና በየትኛው ሰከንድ እንደሄደ ግን የሚያየው የቻናሉ ባለቤት ብቻ ነው። ስሌቱ የሚያከብረው የማይታየውን ሲሆን አጥኚው የሚቀዳው የሚታየውን ነው። የሚታየው ደግሞ ከሁሉ በላይ ርእሱ ነው። ስለዚህ ርእስ ከቻናል ወደ ቻናል ይዛመታል፤ የአንዱን ቪዲዮ ተወዳጅ ያደረገው የተራኪው ችሎታ ወይም የጉዳዩ ክብደት ሊሆን ሲችል፣ ተከታዮቹ የሚወስዱት የርእሱን ቃል ብቻ ነው።

«ሰበር» የሚለው ቃል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። «ሰበር ዜና» መደበኛውን ፕሮግራም አቋርጦ ለሚገባ አስቸኳይ ወሬ የተሰጠ ስያሜ ነበር። በቪዲዮ ርእሶች ላይ «ዜና» ተቆርጦ «ሰበር» ብቻውን ቆመ፤ ቀጥሎም የቆየ ታሪክ፣ የሰርግ ወሬና የሙዚቃ ማስታወቂያ ሳይቀር «ሰበር» ተባለ። ቃሉ ትርጉሙን አጥቶ ምልክት ብቻ ሆነ ማለት ነው። «ጉድ»፣ «ያልተሰማው»፣ «ምስጢሩ ወጣ» የሚሉትም በዚያው መንገድ ላይ ናቸው። ሁሉም ሲጮህ ማንም አይሰማምና፣ መቅዳቱ የቀዳውንም የተቀዳበትንም ይጎዳል።

የተመልካች አጠራርም ተለውጧል። የሬዲዮው «ውድ አድማጮቻችን» በሩቅ ላለ የተከበረ ሕዝብ የተነገረ ነበር። የዩቲዩቡ «ቤተሰብ» ግን ዝምድናን ይጠራል፤ «የቻናላችን ቤተሰብ ይሁኑ» ማለት «ሰብስክራይብ አድርጉ» ማለት ነው። እዚህ ላይ ሁለት ሒደቶች ጎን ለጎን ይታያሉ። በአንድ በኩል ባዕድ ቃል «አደረገ» ከሚለው ግስ ጋር ተጣምሮ ይገባል፤ «ላይክ አድርጉ»፣ «ሼር አድርጉ» እንደሚባለው። በሌላ በኩል የቆየ አገርኛ ቃል አዲስ የንግድ ትርጉም ይሸከማል። ሁለተኛው ባዕድ ስላልመሰለ ከመጀመሪያው ያነሰ ትኩረት አግኝቷል፤ ለውጡ ግን ይበልጥ ጥልቅ ነው።

5. ፊደልና ፍለጋ

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ ገባ። ይህ በአማርኛ መፈለግን ቢያስችልም ወጥ አጻጻፍን አላመጣም። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብንወስድ፣ የመጀመሪያው ፊደል ሁለት፣ ሁለተኛው ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ስድስት አማራጭ ስላላቸው በድምፅ ሳይለወጥ 12 ዓይነት መልክ ሊኖረው ይችላል። «ኃይለ ሥላሴ» በዚሁ ስሌት 24፣ ተያይዞም ተለያይቶም ሊጻፍ ስለሚችል 48 ይሆናል። መፈለጊያው እነዚህን አንድ አድርጎ ካላነበበ፣ በአንዱ አጻጻፍ የፈለገ ሰው የተፎካካሪዎቹን ከፊል ብቻ አይቶ መስኩ ባዶ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል።

በተቃራኒው፣ ጥብቀትና ልልነት በፊደል ስለማይለዩ የተለያዩ ቃላት አንድ መስለው ይመጣሉ። «ገና» ብሎ የሚፈልግ የበዓሉንም «ገና ነው» የሚለውንም ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1972 የላቲን ፊደል የተቀበለው ሶማሊና በ1991 ቁቤን የሥራ ፊደሉ ያደረገው አፋን ኦሮሞ ጥብቀትንም የአናባቢ ርዝመትንም ስለሚጽፉ ይህ ችግር ይቀልላቸዋል። ስለዚህ በሦስቱ ቋንቋዎች የተገኙ የፍለጋ ቁጥሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ስለ ተመልካች ፍላጎት መደምደም ትክክል አይሆንም፤ ልዩነቱ የፍላጎት ሳይሆን የአጻጻፍ ሊሆን ይችላል።

6. አነስተኛ ቋንቋዎችና የሚበጅ ጥናት

በቁጥር የሚመራ ፉክክር ይበልጥ የሚከብደው ጥቂት ተናጋሪ ባላቸው ቋንቋዎች ላይ ነው። በአርጎብኛ ወይም በሐረሪ ቻናል የሚከፍት ወጣት ከትልልቅ የአማርኛ ቻናሎች ጋር ራሱን ቢያነጻጽር መደምደሚያው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ አማርኛ ተናገር፣ ሰው ይበዛልሃል ይለዋል። ምክሩ በገንዘብ ረገድ ስሕተት ላይሆን ይችላል። ዋጋው ግን ቋንቋው በልጆች ጆሮ የሚሰማበት አንድ ቦታ መዘጋቱ ነው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2017 በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ አገልግሎት ሲከፍት የተከተለው የቋንቋ ሚዛን በተቋም የተወሰነ ነበር፤ ለግል ቻናል ባለቤት እንዲህ ያለ ውሳኔ የሚወስንለት የለም።

የተሻለው ጥናት ከሬዲዮው ዘመን ሁለት ነገሮችን ይወርሳል። የመጀመሪያው ማነጻጸር ከእኩያ ጋር መሆኑ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ 200,000 ተከታይ ያለው ቻናል ቪዲዮዎቹ በተለምዶ 10,000 ጊዜ የሚታዩ ቢሆንና አንዱ 15,000 ጊዜ ቢታይ ብዙ አያስገርምም። 2,000 ተከታይ ያለው ቻናል በተለምዶ 300 ጊዜ እየታየ አንድ ቪዲዮው 6,000 ከደረሰ ግን ከተለመደው 20 እጥፍ ሆኗልና ሊመረመር የሚገባው እርሱ ነው። ተመልካቹ የመጣው ለቻናሉ ስም ሳይሆን ለጉዳዩ ወይም ለአነጋገሩ ነውና።

ሁለተኛው አስተያየትን እንደ አድማጭ ደብዳቤ ማንበብ ነው። በባላንጣው ቪዲዮ ሥር ተጠይቆ መልስ ያላገኘ ጥያቄ፣ «በእኛ አገር እንዲህ አይባልም» የሚል እርማት፣ በራሱ ቋንቋ የተጻፈና ማንም ያልመለሰለት ሰላምታ፣ እነዚህ ሁሉ በተመልካች ብዛት ውስጥ የማይታይ ፍላጎት ያሳያሉ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ከአሜሪካ የሚጽፍ ተመልካች የናፈቀው የአገሩን ወሬ ብቻ ሳይሆን የእናቱን አነጋገር እንደሆነ የሚያስረዳው ሰንጠረዡ ሳይሆን የጻፈው ዓረፍተ ነገር ነው።

7. መዝጊያ

«ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይባላል። ባላንጣውን በቁጥር ብቻ ያጠና ሁሉ አያያዙን አይቶ አነጋገሩን ሳይሰማ ይቀራል። ለሥነ ልሳን ባለሙያውም ማስጠንቀቂያው ተመሳሳይ ነው። የዩቲዩብ ርእሶችን ሰብስቦ «የዛሬው አማርኛ» ብሎ የሚያጠና ሰው የሚያገኘው ሕዝቡ የሚናገረውን ሳይሆን ተፎካካሪዎች አንዱ ከሌላው የቀዱትን ሊሆን ይችላል። የቃላት ድግግሞሽ የቃሉን ሕይወት ሳይሆን የርእሱን መቀዳት ሊለካ ይችላልና፣ ርእሱን ከንግግሩ፣ ንግግሩንም ከአስተያየቱ ለይቶ መመዝገብ የግድ ይሆናል። የአጭር ሞገድ ዘመን አድማጭ ሠራተኛ የሰማውን ቃል በቃል ይጽፍ የነበረው ቁጥር ስላልነበረው ነው፤ ዛሬ ቁጥሩ ሞልቷል፣ የጎደለው ያ አድማጭ ነው።